ቦርሳዋን ሳትጠየቅ የምትከፍት ሴት

ወሰንየለሽ ከሰው ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትላለች። የቦርሳዋን ዚፕ እስከ ጫፉ ትከፍትና አፉን ወደ ቤቱ ሰዎች ታዘነብላለች። ማንም እንድትከፍት አልጠየቃትም። ቁልፍ፣ መሐረብ፣ የእጅ ቅባት፣ የሥራ መታወቂያ፤ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ ትዘጋውና «ደህና ዋሉ» ብላ ትሄዳለች።

አርሊንግተን ውስጥ እኔ በምኖርበት የአፓርትመንት ግቢ ይህን ያላየ ሐበሻ የለም። አንዳንዱ ይስቃል። የሚበዛው ግን እርስ በርስ ይተያያል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላሉ። ንጹሕ ሰው ሳይከሰስ አይከራከርም፤ ይቺ ሴት ግን በየበሩ ትከራከራለች። አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ፣ የሆነ ነገር ይዛ ተገኝታ መሆን አለበት። ሰው ያለ ምክንያት የሚያደርገው ነገር የለም ብዬ ስለማምን እኔንም ነገሩ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ወደ አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ቀጭን ናት፤ ስትራመድ ጫማዋ አይሰማም። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። መራመድ የሚከብደውን መንገደኛ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ተቀብላ ዘመዶቹ እስከቆሙበት ታደርሳለች። አርሊንግተን ውስጥ መኪና የማይነዳ ሰው በሰው ደግነት ነው የሚኖረው። እሷን ወደ ሥራ የሚያደርሳት ከእኔ በር ፊት ለፊት የሚኖረው ባስልዮስ ነበር። እሱም እዚያው ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶብስ ይነዳል። አንዳንድ ቀን እኔም አብሬያቸው እሄድ ነበር። እኔ ሳልኖር የፊት ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ እሷ ከኋላ ትቀመጣለች አሉ።

«ወሰን፣ እኔ ኡበር ነኝ እንዴ? ወደ ፊት ነይ እንጂ!» ይላታል ባስልዮስ።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ሰው ሲያየን እኮ አለቃዬ ነው የምትመስዪው።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ ንዳ፤ አለቃህ ነኝ።»

ቀልዷ እንዲህ አጭር ነው። ሌላውን ጊዜ ዝም ትላለች። ዝም የሚል ሰው ደግሞ እኛ ግቢ ውስጥ ብዙ ይወራበታል።

የባስልዮስ ሚስት ናኦሚ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አገር፣ ሪቻርድሰን ነው። እርግዝናዋ ከብዷት ነበርና ባሏ ሥራ ሲውል አጠገቧ የምትሆነው ወሰንየለሽ ነበረች። ስታስመልስ ግንባሯን ትይዝላታለች፤ እግሯ ሲያብጥ ለብ ባለ ውኃ ታሽላታለች። ልጅቷ ገና ሳትወለድ ናኦሚ አንድ ቀን «ወሰንዬ፣ ሶ... ቤቢዋ ሴት ናት። ክርስትና እናት አንቺ ነሽ፣ ኦኬ?» አለቻት።

ወሰንየለሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነበር። «እሺ» አለች።

ልጅ የላትም። ልጅ የሚወለድበት ዕድሜዋ በሰው ቤት አልቋል። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ታቅፋት የምትቆመው ሴት ዕድሜ ልኳን እናቷ ናት፤ ይህን ማንም አይነጥቃትም። ወሰንየለሽ በዚህ አገር የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ያ «እሺ» ብቻ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከባስልዮስ እናት ጋር ነው።

እማማ ዕፀ ሕይወት ምራታቸው ስትወልድ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ ሲመጡ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዊልቸር ታዘዘላቸው። ባስልዮስም «የራሳችን ሰው ናት የምትቀበልሽ» ብሎ ወሰንየለሽን አዘጋጀላቸው። እስከ ፍተሻው ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። እዚያ ሲደርሱ ግን ፈታሹ ገና አፉን ሳይከፍት ወሰንየለሽ የእማማን ሻንጣዎች ጠረጴዛው ላይ አውጥታ ሁለቱንም ዘረገፈቻቸው። በሶው ታየ፣ ሽሮው ታየ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የመጣው ጠበል ታየ፤ ከሁሉ በታች ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለው ቋንጣ ታየ። ሥጋ ማስገባት ክልክል ነውና ቋንጣው ቆሻሻ ውስጥ ገባ።

እማማ ይህን አልረሱም። ቤት እንደገቡ፣ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ «ያቺ ሴት የእነሱ ሰላይ ናት» አሉ።

«ኧረ እማዬ፣ ሥራዋ እኮ ነው» አላቸው ባስልዮስ።

«ሥራዋ መግፋት ነው ወይስ መክፈት?»

ባስልዮስ ሻንጣዎቹን አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ልጅቷ ተወለደች። አክሱማዊት ተባለች። ወሰንየለሽ ከሥራ መልስ እየመጣች እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ ታቅፋታለች፤ ስትሄድ በሩ ላይ ቦርሳዋን ትከፍታለች። እማማ ከሶፋው ላይ ሆነው ያዩዋታል። አንድ ከሰዓት በኋላ «ለመሆኑ አንቺ እዚህ ከመምጣትሽ በፊት የት ነበርሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሊባኖስ ሰው ቤት ስሠራ ነበር፣ እማማ። ከተማዋ ሱር ትባላለች። በእኛ መጽሐፍ ጢሮስ የምትባለዋ ናት።»

እማማ ዕፀ ሕይወት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ ሴት ናቸው። ነቢዩ በጢሮስ ላይ የተናገረውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። ከተማዋ ተጠርጋ ባዶ ዓለት ትሆናለች፣ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ያሰጣባታል፣ ከዚያ በኋላ ተፈልጋ አትገኝም።

«ጢሮስ ጠፍታለች እኮ» አሉ።

«አልጠፋችም፣ እማማ። ዳቦ ስገዛባት ነው የኖርኩት።»

ወሰንየለሽ እንደወጣች እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰይጣን እንኳ ሲዋሽ ያለ ከተማ ይጠራል። ይቺ ግን እግዚአብሔር ያጠፋት ከተማ ነበርኩ ትላለች። ስለ ኖረችበት አገር የምትዋሽ ሴት ምን የማትዋሽ አላት? እዚያስ ሃይማኖቷን ይዛ መቆየቷን ማን አየ?»

ናኦሚ በስልኳ ካርታ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ቤቶቹን፣ ጀልባዎቹን፣ በባሕሩ ዳር የቆሙትን ዓምዶች። እማማ ስልኩን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ባለፈው የሞተ ሰው ሲዘፍን ያሳየሽኝ በዚሁ ስልክ አይደለም?»

ነገሩ የከፋው ግን ክሩ የተገኘ ዕለት ነው። እማማ የሕፃኗን አልጋ ሲያነጥፉ ከፍራሹ ሥር የጣት ርዝመት ያለው ክር አገኙ። መካከሉ ላይ ተቋጥሯል። ሲያዩት የደረቀ ደም ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ ሲያስጠጉት ደግሞ ሐምራዊ ነው። ሽታው ግን የሕፃን አልጋ ሽታ አልነበረም። የባሕር ጠረፍ ግማት፣ የቆየ ዓሣ የሚመስል ነገር ነበረው። እማማ ጮኹ። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ተሻግሬ ገባሁ።

«መተት! በልጄ ልጅ ራስ ሥር መተት!»

ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ አልነበረም። እማማ ክሩን በሹካ አንሥተው ከአገር ቤት ያመጡት ጠበል ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩት። መተት ከሆነ ጠበሉ ይፈታዋል፣ ቀለሙ ለቆ ውኃው ይደፈርሳል አሉ። ብርጭቆው ፍሪጁ ላይ አደረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ያንን ብርጭቆ መጥቼ ማየት ነበር። ውኃው እንደ ነበረ ጥርት ብሏል። ቋጠሮውም፣ ቀለሙም እንዳለ ነው።

ባስልዮስ ትንፋሹን ለቀቀ። «እሺ፣ ይኸው። አለቀ አይደል?»

«ምኑ ነው ያለቀው? ጠበል እንኳ አልበገረውም! ይህ ከባሕር የወጣ ነው፤ የኛ ጠበል የሚያውቀው ዓይነት አይደለም።»

«እማዬ፣ ማለቴ...» አለች ናኦሚ፣ «ቢለቅ መተት፣ ባይለቅም መተት?»

«አንቺ ዝም በዪ። አራስ ነሽ።»

ስለዚህ ተወሰነ። አክሱማዊትን የምታቅፈው ሌዊስቪል የምትኖረው የባስልዮስ ዘመድ ፍሬ እንድትሆን ተባለ። ፍሬን ካየናት ቆይቷል፤ የሕፃኗን ስም እንኳ በስልክ ሁለቴ አስደግማ ነው የያዘችው። ናኦሚ አለቀሰች፤ ባስልዮስ በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ። ለወሰንየለሽ የመንገር ዕዳ በእሱ ላይ ወደቀ። እሱም ከቀን ቀን ሲያሳድር የክርስትናው ዋዜማ ደረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወሰንየለሽ ተጠርታ መጣች። ባስልዮስ ምስክር የፈለገ ይመስል እኔንም ጠራኝ። እሷ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ጠረጴዛው ላይ ከነክሩ ያለውን ብርጭቆ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ወሰን» አለ ባስልዮስ፣ «ሶ... ነገ እንግዲህ... ማለቴ...»

«አንተ ተወው» አሉ እማማ። «ይህን ክር የት አመጣሽው?»

«ከጢሮስ፣ እማማ።»

«ደግሞ ጢሮስ! በድብቅ ያስቀመጥሽውስ ለምንድን ነው?»

«ብሰጥዎት ይጥሉት ነበር።»

«አዎ እጥለው ነበር!»

«ለዚያ ነው።»

ናኦሚ ሳቋን ለማፈን አፏን በሕፃኗ ብርድ ልብስ ሸፈነች። እማማ አልሳቁም፤ እጃቸውን አጣምረው «ተናገሪ» አሉ። ወሰንየለሽን ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ሱር ውስጥ የምትሠራበት ቤት ከወደቡ አጠገብ ነበር። የማዳሟ አማት በቤቱ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ተታ ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ፈዟል። የወሰንየለሽ አንዱ ሥራ ማታ ማታ ክንዳቸውን ይዛ በባሕሩ ዳር ማንሸራሸር ነበር። ስትወጣም ስትገባም ማዳሟ በሩ ላይ ቦርሳዋን ትፈትሻለች።

«መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ነበር የምከፍተው» አለች። «በኋላ ሳይጠይቁኝ መክፈት ጀመርኩ። ሳትጠየቂ ከከፈትሽ በፈቃድሽ ይመስላል። ተጠይቀሽ ከከፈትሽ ግን ሌባ ነሽ፤ ምንም ባይገኝብሽ ሌባ ነሽ። ተታ ባያዩም የዚፑን ድምፅ ይሰማሉ። 'ዛሬም ከፈትሽ?' ይሉኛል።»

«ክሩን» አሉ እማማ።

«ከተማዋ ድሮ ደሴት ነበረች ይላሉ ተታ። ሀብቷ ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣውን ሰብረው፣ አበስብሰው ነው ይህን ቀለም የሚያወጡት። ከተማው ሁሉ ይገማ ነበር አሉ፤ ቀለሙን የሚለብሱት ነገሥታት ግን ሩቅ ስለሆኑ አይሸታቸውም። ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ውኃ አይለቀውም። ተታ አንድ ዓመት ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው እንደ ድሮው ነክረው ሞከሩት። የቀረቻቸው ይቺ ክር ናት። ሊሞቱ ሲሉ 'ስትወልጂ ለልጅሽ' ብለው ሰጡኝ።»

ናኦሚ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ታዲያ ጠፍታ የለም ወይ ከተማዋ?» አሉ እማማ። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ግን አልለዘበም።

«ያጠፋት እስክንድር የሚባል ንጉሥ ነው። ሠራዊቱን ይዞ ከደሴቷ ፊት ለፊት ቆመ። 'ቤተ መቅደሳችሁ ገብቼ ልሳለም ብቻ' አላቸው።»

«ከነሠራዊቱ?»

«ከነሠራዊቱ።»

«ከፈቱለት?»

«ጠረጠሩት። 'መሳለም ከፈለግክ ከማዶ ባለው አሮጌው ከተማ ተሳለም' አሉት።»

«ጎሽ!» እማማ የሚያማቸውን ጉልበት በመዳፋቸው መቱት። «ልሳለም ብሎ ገብቶ የቤት ጌታ የሆነው ስንቱ ነው! እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከማዶ ያለውን አሮጌውን ከተማ አፈረሰ። ድንጋዩን ባሕር ውስጥ እየጣለ መንገድ ሠራ። ወራት ፈጀበት፤ ግን ደረሰ። የገደለውን ገደለ፣ ሴቱንና ልጁን ሸጠ። መንገዱ እዚያው ቀረ፣ አሸዋ ሞላበት፣ ደሴቷም ከየብስ ጋር ተጋጠመች። እኔ ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ድሮ ባሕር በነበረው መሬት ላይ ነው ያለው። አሮጌዋ እንደተባለው ጠፍታለች፣ እማማ፤ ድንጋይዋ ባሕር ገብቷል፣ መረብም ሲሰጣባት አይቻለሁ። ሰው ግን ተመልሶ ቤት ይሠራል። ባለፈው የሊባኖስ ጦርነት ጊዜ በስልክ የሚታየው ጭስ ብቻ ነበር። እዚያ የቀረች ጓደኛዬ 'ዳቦ ቤቱ ተከፈተ' ብላ ስትደውልልኝ ነው እህል የቀመስኩት።»

ናኦሚ ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች።

«ተታ ሐበሻ መሆኔን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ፍሬምናጦስ ነው» አለች። «የዚህች ከተማ ልጅ ነው አሉኝ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አባ ሰላማ? የእኛ አባ ሰላማ ከጢሮስ? አንተ ማንበብ ትወዳለህ ይሉሃል፤ እውነት ነው?»

«እንዲያ ተብሎ ተጽፏል» አልኳቸው። ከመርከብ ተማርከው አክሱም ከገቡት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ እሱ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። ከየት እንደተነሱ ግን ጠይቀው አያውቁም ነበር።

እማማ ብርጭቆውን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «እኔ ብሆን አልከፍትለትም ነበር» አሉ። «ለዚያ እስክንድር።»

«ተታም በየቀኑ 'አንቺ ብትሆኚ ትከፍቺ ነበር?' ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን 'እከፍት ነበር' አልኳቸው። ሳቁና 'አንቺን ማንም መክበብ አያስፈልገውም' አሉኝ። እርስዎ ግን አይከፍቱም፤ ኤርፖርት አይቻለሁ።»

ባስልዮስ ሳቁ አመለጠው።

«ቋንጣዬን!» አሉ እማማ፤ ቁስሉ ገና ነበር።

«ቋንጣው በማንም እጅ ቢከፈት አይተርፍም ነበር። እኔ ስከፍተው ግን ጠበሉን ከላይ አድርጌ ምን እንደሆነ ለፈታሾቹ ነገርኳቸው። እነሱ ቢከፍቱት ያንን ይደፉት ነበር።»

እማማ ክሩ ያለበትን ጠበል እንደ አዲስ አዩት።

ሕፃኗ አለቀሰች። ናኦሚ «ወሰንዬ፣ ያዥልኝ» ስትል ወሰንየለሽ እንደ ልማዷ መጀመሪያ እጇን ልትታጠብ ተነሳች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ተወችው። ባስልዮስ ጡጦ ሊያሞቅ ወደ ኩሽና ሄደ። እማማም ተነስተው ወደ ወንበሩ ተጠጉ፤ ጉልበታቸውን የሚያፍታቱ መስሎኝ እኔ ወደ ሕፃኗ ዞርኩ።

ወሰንየለሽ ተመልሳ አክሱማዊትን አቀፈቻት። ልጅቷ ዝም አለች። ስለ ነገ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ባስልዮስ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገና ሁለቴም ውኃ ጠጣ። በመጨረሻ ራሷ ሕፃኗን ለናኦሚ መለሰችና ቆመች።

«ለነገ ሌላ ሰው እንዳዘጋጃችሁ ገብቶኛል» አለች። «የጠራችሁኝ ለዚያ ነው። እኔ ልጅቷ ትደግልኝ እንጂ ምንም አልልም። ክሩን ብቻ ስጡኝ።»

እማማ ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ወሰንየለሽ ክሩን ትታ ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜዋ ዞረች፤ ዚፑን እስከ ጫፉ ከፍታ ቦርሳዋን አዘነበለች።

«ዝጊው» አሉ እማማ።

እጇ ባለበት ቀረ።

«ዝጊው አልኩሽ። ቅድም እጅሽን ስትታጠቢ አይቼዋለሁ።»

«እማዬ!» አለ ባስልዮስ።

«ምን 'እማዬ' ትለኛለህ? የልጄን ልጅ የምታቅፍ ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ የለብኝም?» ወደ ወሰንየለሽ ዞሩ። «ከታች ያለው ነጭ ቀሚስ አንቺ ነሽ የጠለፍሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጥልፉ ደህና ነው። እጅጌው ግን ረዝሟል፤ ተጠምቃ ስትለብሰው እጇን ይውጥባታል። ዛሬውኑ እጠፊውና ነገ ከቅዳሴ በፊት ድረሺ። እኔም አጠገብሽ ነው የምቆመው። እጅሽን እያየሁ።»

ናኦሚ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከሶፋው ላይ ብድግ አለች። ወሰንየለሽ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ክሩስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ክሩ እኔ ጋ ይቆያል። ክርስትናው ይለፍና እናየዋለን።»

ወሰንየለሽ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዞራ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫማዋን ድምፅ ሰማሁ።

እማማ ዕፀ ሕይወት እያነከሱ ወደ መስኮቱ ሄዱና መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ግቢው ተመለከቱ።

«እዩዋት እስቲ» አሉ። «ቦርሳዋን ሳትዘጋ ነው የሄደችው። የሆነ ነገርማ አላት፣ ይቺ ሴት።»